የአራስ ቤቱ ረብሻ

ሰኞ፣ ሐምሌ 9

ዛሬም የጭስ ጠቋሚውን ሳጥን ነቅለውታል። በሩን ከፍቼ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ገመዱን ነው፤ ተጠቅልሎ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ቀይዋ መብራት ጠፍታለች።

መኝታ ቤቱ እንደ ትናንቱ ነው። መስኮቱ ተዘግቷል። ስንጥቁ በጨርቅ ተወትፏል። በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ተደርቧል። አልጋው ግርጌ ማንደጃው ላይ ከሰሉ ቀልቶ ተቀምጧል። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ ወበቅ።

ሰላም ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተጋድማለች። የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። አራስ ቤት መሆኗን ሳስብ አሁንም አላምንም፤ ትናንት ጥርሷ የወለቀ ነው የሚመስለኝ።

«ራሴን ይወቅረኛል፣ እቴቴ» አለችኝ።

ትናንትም ይህንኑ ነበር ያለችው።

«ብርድ ገብቶባት ነው» አሉ እትዬ ዘነበች። የባሏ የቢንያም እናት ናቸው፤ ሊያርሷት ከለገጣፎ ወዲያ መጥተው እዚሁ ከርመዋል። ዳማከሴ አሽተው ግንባሯን ቀብተዋታል። ከዚያም ጨርቁን ስንጥቁ ውስጥ ጠበቅ አድርገው ወተፉት። ከሰልም ጨመሩ።

ነገሩ ይህ ነው። ራሷን ሲያማት መስኮቱን ያጠብቁታል። መስኮቱ ሲጠብቅ ራሷን ያማታል። እየዞረ ይሄዳል። ለማን ልናገር?

ለእሳቸው ተናገርኩ። «እትዬ፣ ጠቋሚውን ለምን ነቀሉት?» አልኩ።

«ምን ላድርገው? ሽንኩርት ሳቁላላ ይጮሃል። ቅቤ ሳነጥር ይጮሃል። ትናንት እንግዶቹ አረቄ ቢቀዱ ጮኸባቸው፤ ሰውዬው ብርጭቆውን ጣለው። ሕፃኗ ትደነግጣለች። የእናቲቱ ወተት ቢደርቅ ያንቺ ሳጥን ያጠባል?»

«ከሰሉ ግን...»

«ከሰሉ ጭሱ ወጥቷል። በረንዳ ላይ አራግቤ፣ አቅልቼ ነው ያስገባሁት። ነይና አሽትቺው እስቲ! ይሸታል?» ከዚያ ትዝ አላቸው። «ውይ፣ ለካ አታሸቺም። አፍንጫ የሌላት ሴት ናት እኮ ስለ ጭስ የምታስተምረኝ!»

ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች ሳቁ። ሰላምም ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ። የአፍንጫዬ ሳይነስ ከበረታብኝ ወዲህ ሽታ የሚባል ነገር እንደሌለኝ ሁሉም ያውቃል።

መልሱ የመጣልኝ ደረጃውን ስወርድ ነው። ያ የሚገድለው የከሰል አየር ለማንም አይሸትም። እዚያ ላይ ሁላችንም አፍንጫ የለንም። እዚያው ብናገረው ኖሮ። እኔ ሁልጊዜ ደረጃ ላይ ነው የምናገረው።

ባለፈው ክረምት ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ገና ሲሠራ ዘበኛው ከሰል ቆርቆሮ ቤቱ አስገብቶ ተኛ። ሲነጋ አልነቃም። እሱም ጭሱን አስወጥቶ ነበር ያስገባው። ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ የተኛ ነበር የሚመስለው። ዛሬ የሰላም ፊት ቀላ ብሎ ሳየው እሱ ነው የታየኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 10

ሳጥኑን ሱቅ አመጣሁት። ጠዋት አንድ ማንቆርቆሪያና አንድ ካውያ ጠገንኩና ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ዋልኩ።

ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤቱን ሲያድስ የጣለው ነው። ለእኔ ያመጣልኝ ነስሩ ነው፤ «ቁራሌው» እያለ ጆንያውን ተሸክሞ ገርጂን የሚዞረው። ወረቀትም ያመጣልኛል። የሬዲዮ ሥዕል ያለበት ገጽ ካገኘ ለስኳር መጠቅለያ አይሸጠውም። የማውቀውን ሁሉ የማውቀው ከእሱ ጆንያ ነው ብል አልዋሸሁም፤ ለዚህ ነው የማውቀው ነገር ሁሉ መጀመሪያው ወይም መጨረሻው የሌለው።

«ሞያተኛዋ፣ ያ ጯሂ እንዴት ነው?» አለኝ ዛሬ ሲመጣ።

«ለሁሉ ነገር ይጮሃል።»

«እንዲያ ከሆነ ለሚስቴ ስጪልኝ፣ እኩያ ታግኝ» አለ። አሳቀኝ።

በውስጡ የምትሞቅ ትንሽ ፍሬ አለች። አየሩን የምታውቀው፣ ሴንሰሯ፣ እሷ ናት። አየር ሲነካት ለኤሌክትሪክ የምትለቀው መንገድ ይሰፋል፣ ይጠባል። ሳጥኑ የሚያየው መንገዱ መስፋቱን ብቻ ነው። ሽንኩርት ያሰፋዋል። አረቄ ያሰፋዋል። ከሰልም ያሰፋዋል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ አፍ ይጮህበታል።

የዱቄት ወተት ትልቁን ጣሳ አጠብኩ፤ ሴንሰሯን ክዳኑ ላይ ሰካኋት። ሱቁ ደጃፍ፣ ታዛው ሥር አድርጌ አንዴ የተቁላላ ሽንኩርት፣ አንዴ አረቄ የነካ ጥጥ፣ አንዴ የቀላ ከሰል ቁራጭ አስገባሁበት። ለሁሉም ጮኸ። የጎረቤት ባለ ሱቆች «ምን እየቀቀልሽ ነው?» አሉኝ።

ማስተካከያ ብሎኗን አዞርኩና ጆሮውን አደነዘዝኩት። አሁን ለሽንኩርት ዝም አለ። ለከሰሉም ዝም አለ። ወይ ውሸታም ነው ወይ ዲዳ።

ሌላም ነገር አስቸገረኝ። መለኪያው ቴስተር ላይ ቁጥሩ አይረጋም፤ ይንቀጠቀጣል። የኤሌክትሪኩን መዋዠቅ የሚያረጋ ትልቅ ካፓሲተር ጨመርኩበት። ጸጥ አለ፤ እንደ ተኛ ውኃ። ደስ አለኝ። ሬዲዮ ጠጋኝ ለሆነ ሰው ረብሻ ማጥፋት ማለት ሥራው ራሱ ነው። ደንበኛ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሽሽሽ የሚለው መጥፋቱን ሲሰማ ነው የሚያመሰግነኝ።

ግን ጸጥ ያለውም ቁጥር ከሰሉን ከሽንኩርቱ አልለየልኝም።

ማታ ሰላም ደወለች። ራሷን እንዳመማት ነው። «አትጨነቂ፣ እቴቴ፣ ብርድ ነው አሉ» አለችኝ። ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 11

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው። ደስታም ፍርሃትም ነው።

ጠዋት አንድ ደንበኛ ለሬዲዮው ቸኩሎ ቆመብኝ። የሚያስፈልገው ያንኑ ትልቁን ካፓሲተር ነበር፤ ሌላ አልነበረኝም። ከሳጥኑ ነቅዬ ለእሱ ሰጠሁት። እሱ ሲሄድ ቁጥሩ ተመልሶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይህ ረብሻ ከየት ነው የሚመጣው ብዬ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ የድምፅ ማጉያና ስፒከር ጠረጴዛው ላይ ስለነበር ሴንሰሯን እሱ ላይ ቀጠልኩት። ላደምጠውና ምንጩን አግኝቼ ልገድለው ነበር።

ሽሽሽ አለ። ሩቅ እንዳለ ዝናብ።

ጣሳው ውስጥ አረቄ የነካውን ጥጥ ጣልኩ። ድምፁ ቀጠነ፤ ጤፍ በወንፊት ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት። ጥጡን አውጥቼ ጣሳውን አናፈስኩ፤ ዝናቡ ተመለሰ። የከሰሉን ቁራጭ አስገባሁ። ድምፁ ወረደ፣ ሻከረ፤ ባቄላ ሰፌድ ላይ ሲንከባለል የሚሰማው ዓይነት።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ደገምኩት። ወንፊት። ሰፌድ። ሽንኩርቱ ደግሞ ወደ ወንፊቱ ይጠጋል እንጂ ወደ ሰፌዱ አልመጣም።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። አምና ከነስሩ ጆንያ አንድ የእንግሊዝኛ ገጽ አግኝቼ በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ አንብቤው ነበር። የሴንሰር መንቀጥቀጥ ቆሻሻ አይደለም ይላል፤ እያንዳንዱ አየር በራሱ መንገድ ያንቀጠቅጣታል፣ መንቀጥቀጡን ያደመጠ በአንዲት ሴንሰር ብዙውን ይለያል ይላል። የሚቀጥለው ገጽ አልነበረም። እኔም የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይም ጸሐፊው ነው ብዬ ተውኩት። ረብሻ እንዴት ይፈለጋል?

ትናንት በካፓሲተር ያፈንኩት ልክ የምፈልገውን ነገር ነበር።

ወደ ሰላም ሄድኩ። ዛሬ ደህና ናት። ገንፎዋን ጨርሳለች። ቀኑን ሙሉ ጠያቂ ሲወጣ ሲገባ በሩ ሳይዘጋ ነው የዋለው።

«አየሽ፣ ዳማከሴው ሠራ» አሉኝ እትዬ ዘነበች።

እኔ ጠያቂው ሲቀር ምን እንደሚሆን እያሰብኩ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 12

መጥፎ ቀን።

ረብሻውን ለሁለት መንገድ ከፈልኩት፤ በአንዱ ቀጭኑ፣ በሌላው ወፍራሙ እንዲያልፍ። ወፍራሙ ከቀጭኑ ሲበልጥ አንዲት ትንሽ ጡሩምባ እንድትነፋ አደረግሁ። በወረቀት ላይ ሲሳል ቀላል ነው።

ጠዋት ሠራ። ከሰል ሳስገባ ነፋች፣ ሽንኩርት ሳስገባ ዝም አለች። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ አጨበጨብኩ። ከዚያ ለሻይ ውኃ ጣድኩ፤ እንፋሎቱ ደረሰባትና ነፋች። ከሰል የለም፣ ምንም የለም፣ እንፋሎት ብቻ። አስተካከልኳት። አሁን ደግሞ ከሰሉን ዘግይታ ነው የምታውቀው። እንዲህ ባለ ክረምት፣ ልብሱም ግድግዳውም በረጠበበት፣ የቱን አምናለሁ?

ከሰዓት በኋላ ቢንያም ሱቅ መጣ። ሰሚት ያለው ግንባታ ላይ ፎርማን ነው፤ ጫማው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ቁጭ አላለም።

«እቴቴ፣ ሰላም ፈርታለች። እናቴም ተቀይማለች። ቤቱ መሃል ላይ ተከፍሏል» አለኝ።

«መስኮቱን ትንሽ ክፈቱ ብቻ ነው ያልኩት፣ ልጄ።»

«እናቴ ሁላችንንም ወልዳ አሳድጋናለች። በከሰል፣ በዝግ ቤት። አንዳችንም አልሞትንም። ምን ልበላት?»

«እዚያ ገጠር ቤታችሁ ሣር ክዳን ነበር። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ንፋስ በየቦታው ይገባበታል። እዚህ ሲሚንቶ ነው። መስኮቱን የገጠምከው አንተ ነህ፤ ምን ያህል እንደሚገጥም ታውቃለህ።»

ሲሚንቶውን ከጫማው ይፍቅ ጀመር። ከዚያ፣ «ያ የሚሠሩት ነገር ትክክል ይናገራል?» አለኝ።

ይናገራል ብዬው ቢሆን ምን ነበረበት? አንድ ቃል ብቻ ነበር የፈለገው። «አላውቅም፤ አንዳንዴ ይሳሳታል» አልኩት።

«እንግዲህ አላውቅም በሚል ነገር ከእናቴ ጋር ልጣላ?» አለና ሄደ። በቁጣ አይደለም። ደክሞት ነው። እሱ ነው ያሳዘነኝ።

አመሻሽ ላይ ሰላም አስታውካለች። ገንፎው ከብዷት ነው ብለዋል እትዬ ዘነበች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 13

ነስሩ ጾም ይዟል። ከንፈሩ ደርቋል፤ ቀልዱ ግን አልጾመም። የሞተር ብስክሌት ባትሪ አምጥቶልኛል። «ትንሽ ያረጀ ነው፤ እንደኛ» አለ። ባትሪ የግድ ነው። መብራት ሲኖር እኮ ምድጃው አለ፣ ማሞቂያውም አለ። ከሰሉ የሚበዛው መብራት ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰካ ሳጥን ሬሳ ነው።

ሴንሰሯ ግን ለመሞቅ ብዙ ትበላለች። ባትሪው እስከ መቼ እንደሚችላት አላውቅም።

ይዤው ሄድኩ። ደረጃው ላይ የምናገረውን አዘጋጀሁ፤ ዛሬ ስገባ ልናገረው።

«እትዬ፣ ያ የሚያስደነግጠውን ጩኸት አውጥቼዋለሁ። አሁን ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ሕፃኗን አያስደነግጥም።»

«ከናካቴው ዝም ቢልስ?»

ስፒከሩን ከፈትኩት። ሽሽሽ አለ። እትዬ ዘነበች ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። ጠጋ አሉ። ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ።

«ቀፎ ነው እንዴ?» አሉ።

«አይ፣ እትዬ፣ የሴንሰሯ...»

«ቀፎ ነው! የአባቴ ቀፎ እንዲህ ነው። ልጅ ሆኜ ጆሮዬን ለጥፌበት እውል ነበር።» ፊታቸው ተለወጠ። ቀፎው የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የሪል ስቴት አጥር ቆሟል፤ ቢንያም ነግሮኛል። እሳቸው ስለዚያ አያወሩም።

ማንደጃውን ቀስ አድርጌ ወደ ሳጥኑ አስጠጋሁ። ትንሽ ቆየና ድምፁ ወረደ፣ ሻከረ።

«ተቆጣ!» አሉ እትዬ ዘነበች እጃቸውን ስበው። አራቅኩት። «በረደለት። ምን አድርገሽው ነው?»

«ከሰሉ ነው። የማይሸተው አየር ሲደርስበት ድምፁ እንዲህ ይለወጣል። ያ አየር ለእርስዎም አይሸትም፣ ለእኔም አይሸትም።»

ተናገርኩት! ቤት ውስጥ፣ ፊታቸው ቆሜ።

«ድምፅ ነው። ድምፅ አይገድልም» አሉና ማንደጃውን ወደ አልጋው መለሱት። መስኮቱም እንደ ተዘጋ ቀረ።

ግን አንድ ነገር ሆነ። ሕፃኗ ስታለቅስ ነበር። ሽሽሽታውን ሰማችና ዝም አለች። ዓይኗ ከበደ። ተኛች።

«እሺ፣ ይህስ ይሁን፤ ቢያንስ ያስተኛታል» አሉ እትዬ ዘነበች። «እንዳትነቅዪው።»

እኔ ልንቀለው! ሰላም ከትራሷ ላይ ጠቀሰችኝ።

ስለዚህ ሳጥኑ ቤት ውስጥ ነው። የገባው ግን እንደ እሹሩሩ ነው። ነገ ሃያ ሁለት ሄጄ የተሻለ ባትሪ እፈልጋለሁ። ይህኛውን አላመንኩትም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 14

እንዴት እንደምጀምር አላውቅም።

ሃያ ሁለት ሄድኩ። ባትሪ አገኘሁ፤ ከበድ ያለ፣ አዲስ። ሱቁ ውስጥ ሳለሁ ዝናቡ ወረደ። የክረምቱ ሁሉ ዝናብ በአንዴ። መብራት ሄደ፤ የሱቁ ሰውዬ ጀነሬተሩን ሲያስነሳ «ከመገናኛ ወዲያ ሁሉ ጠፍቷል» አለ።

ሰላም ጋ ደወልኩ። አይሠራም። ቢንያም ጋ ደወልኩ። አይሠራም። እትዬ ዘነበች ስልክ የላቸውም።

መብራት የለም። ማሞቂያ የለም። ቀኑ ብርድ ነው፣ በዚህ ዝናብ ጠያቂ አይመጣም፣ በሩ አይከፈትም። ከሰሉ አሁን እየገባ ነው አልኩ። ሳጥኑ ላይ ያለው ደግሞ ያ ያረጀ ባትሪ ነው።

ታክሲ የለም። መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሮ ውኃ ሞልቶታል። በመጨረሻ አንዱ «ገርጂ፣ ገርጂ» ሲል ተጋፍቼ ገባሁ። ባትሪው ጭኔ ላይ ነው። ወያላው፣ «እናት፣ ድንጋይ ነው ወይስ ወርቅ ነው የተሸከምሽው?» አለኝ፤ ሰው ሳቀ። መገናኛ ላይ ቆምን። መኪናው አይንቀሳቀስም። አጠገቤ ያለችው ልጅ እያየችኝ፣ «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። የእመቤታችንን ስም እየጠራሁ መሆኔን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ጭቃው ጫማዬን አንዴ ወሰደው፣ ጎትቼ አወጣሁት። በመንገዱ ሁሉ የሚታየኝ ያ የዘበኛው ቀይ ፊት ነው።

ደረጃውን ስወጣ ምንም አይሰማም። ሕፃን አታለቅስም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ሁሉም በረንዳው በር ላይ ናቸው። ሰላም ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ጭንቅላቷን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ትተነፍሳለች። ሕፃኗ በጋቢ ተሸፍና እትዬ ዘነበች እቅፍ ውስጥ ናት። ማንደጃው በረንዳው ጠርዝ ላይ ዝናብ ይወርድበታል፤ ይንጨሳጨሳል። የመኝታ ቤቱ መስኮት ተከፍቶ መጋረጃው ውጭ ይውለበለባል።

ባትሪውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። አስቀመጥኩ ሳይሆን ጣልኩት።

«ቀፎው ተቆጣ» አሉኝ እትዬ ዘነበች። «ሕፃኗ ተኝታ ነበር። እኔም እያንጎላጀጅኩ ነበር። ሽሽሽ ይል የነበረው ወረደ። ጉርርር አለ። ትናንት ከሰሉን ስታስጠጊው እንዳለው። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ተነሺ ብላት አትነሳም! ጎተትኳት።»

«ጉልበቴ ከዳኝ፣ እቴቴ» አለች ሰላም። «እሰማለሁ ግን መነሳት አቃተኝ።»

«ትንሿ ጡሩምባስ?» አልኩ። «የምን ጡሩምባ?» አሉ። አልነፋችም። ድምፁ ብቻ ነው የተለወጠው። የሰሙትም እሳቸው ናቸው።

ቢንያም እንደደረሰ ሁላችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። ሕፃኗ ደህና ናት። ሰላምም ደህና ናት። ነርሷ ስለ ከሰሉ ስትሰማ ተቆጣች፤ ግን ደግሞ ገና የወለደች ናት፣ ደም አንሷትም ሊሆን ይችላል አለች። መስኮት ክፈቱ አለች። እትዬ ዘነበች አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

እኔ ስመለስ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። ዝናብ ስለነበር ማንም አላየኝም።

እሑድ፣ ሐምሌ 15

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ትናንት ማታ ይዤው የመጣሁትን ሳጥን ከፈትኩት። መክፈት አልነበረብኝም።

አሮጌው ባትሪ አልቋል። ከናካቴው። መቼ ነው ያለቀው? ባትሪ ሲደክም ማጉያው ራሱ ይጎረንናል፤ በየሳምንቱ እንዲህ ያለ ሬዲዮ ይመጣልኛል። ጉርርር ይላል፣ ድምፁ ይወርዳል። ሴንሰሯም ስትቀዘቅዝ መንቀጥቀጧ ይለወጣል። ጡሩምባዋ ያልነፋችውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እትዬ ዘነበች የሰሙት ከሰሉን ላይሆን ይችላል። የሚሞት ባትሪ ሊሆን ይችላል።

አዲሱን ባትሪ ቀጥዬ በጣሳው ሞከርኩ፤ ከሰሉን አወቀችው። አሮጌውን ትንሽ ሞልቼ ያለ ከሰል ተውኩት፤ ሲያልቅ ጎረነነ። ዓይኔን ጨፍኜ ሁለቱን ላስተያይ ሞከርኩ። አንዳንዴ የሚለያዩ ይመስለኛል። አንዳንዴ አይለያዩም።

ሰላም መነሳት አቅቷት ነበር። እሱ እውነት ነው። ግን ነርሷ ስለ ደም ማነስም ተናግራለች።

መናገር ወይስ አለመናገር? ብናገር፣ ያ የተወተፈው ጨርቅ ነገ ይመለሳል። ባልናገር፣ እሳቸው ያመኑት ነገር እኔ የማላምነው ነገር ይሆናል። አንድ ቀን እኔ ሳልኖር ሳጥኑን ብቻ አምነው መስኮቱን ቢዘጉስ? እሱ ነው የቆረጠልኝ። ሳጥኑን ከነአዲሱ ባትሪ ይዤ ሄድኩ።

ቢንያም ቤት ነበር። ሰላም ተቀምጣ አጥሚት ትጠጣለች። ራሷን አላመማትም፤ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ ትናንት የተለወጠው ድምፅ የከሰሉ ላይሆን ይችላል» አልኩ። «ባትሪው ሲያልቅም እንዲያ ይላል። ሳጥኑ ይሳሳታል። እሱን ብቻ እንዳያምኑ።»

ቢንያም ቀና ብሎ አየኝ። ምነው ዝም ቢሉ የሚል ፊት ነው።

እትዬ ዘነበች ሕፃኗን እያገላበጡ ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋሉ።

«ቀፎ ድምፁን ሲለውጥ» አሉ፣ «ጉንዳን ይሁን ሌባ ቤት ተቀምጬ አላውቅም። አባቴ ወጥተሽ እዪ ነው የሚለኝ። ወጥቼ አያለሁ። ምንም ባይሆንም ወጥቼ ነው የምመለሰው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ይውጡ ነው የምለው።»

«በይ እንግዲህ። አፍንጫ የሌላት!» አሉኝ። በዚህኛው የሳቅኩት ከልቤ ነው።

ማንደጃው በረንዳ ላይ ቀርቷል። ስሄድ መኝታ ቤቱን አየሁ። መስኮቱ ገርበብ ብሏል፤ ንፋስ እንዳይዘጋው እትዬ ዘነበች አንዱን የላስቲክ ጫማቸውን መሃሉ ላይ ሸጉጠዋል። ብርዱ ይገባል። ሕፃኗ እስከ አፍንጫዋ ተሸፍና ተኝታለች፤ ሳጥኑ ሽሽሽ ይላል።

በሩ ላይ ቆሜ ትንሽ አደመጥኩ። ዝናብ ይመስላል። ውጭም ይዘንብ ስለነበር የቱ የቱ እንደሆነ አልለየሁም። ከሰሉ ይሁን ባትሪው አሁንም አላውቅም። ጫማው ግን እዚያው ነው።